5.00 የሚለው ቁጥር የማን ነው?

አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ያስቸገራትን ቦርድ ይዛ መጣች። ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ካሜራና የሬዲዮ ሞደም ተገጥሞለታል። ሲነሳ ደህና ይነሳል። ካሜራውም ይሠራል። ሞደሙ መረጃ መላክ ሲጀምር ግን ድርግም ብሎ ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል። "ጋሼ፣ ኮዱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ምንም ችግር የለበትም። ሞደሙ ነው መሰለኝ የተበላሸው" አለችኝ።

"ፓወር ሳፕላዩስ?" አልኳት።

"እሱማ ይኸው" ብላ ለቦርዱ ኃይል የሚሰጠውን የፓወር ሳፕላዩን ስክሪን አሳየችኝ። 5.00 ቮልት ይላል። ቦርዱ ሲነሳም 5.00፣ ሲጠፋም 5.00። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ቮልቴጁን እንደያዘ የሚያሳየው የሲቪ መብራትም በርቷል፤ ማለትም ፓወር ሳፕላዩ የከረንት ገደቡ ላይ አልደረሰም። ስክሪኑን ብቻ ላየ ሰው ጥፋቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ትክክል ይመስላል። እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ችግሩን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም። ከዚያ በኋላ ግን ያ ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም ውሸት አልነበረም። ፓወር ሳፕላዩ ጤነኛ ነው፣ ቁጥሩም እውነት ነው። ቦርዱ ደግሞ በእውነት በረሃብ እየሞተ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ?

ጫፉን ስናንቀሳቅስ

ቦርዱ እየጠፋ ስለሚያስቸግር ነቅለን በቦታው ከረንትን የሚገታውን ዕቃ፣ ባለ 2.2 ኦም ትልቅ ሬዚስተር አስገባን። ሬዚስተር አይጠፋም፣ አይነሳም፤ ዝም ብሎ ከረንቱን ይስባል። ስክሪኑ 5.00 ቮልትና 2.00 አምፔር አሳየ። ቮልቴጅ የሚለካውን የመልቲሜትር ሁለት ጫፎች ሬዚስተሩ ላይ ሳስቀምጥ የተነበበው 4.40 ቮልት ነው።

ባልደረባዬ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ መልቲሜትሩን አየች። "ታዲያ 0.6 ቮልቱ የት ገባ?" አለች።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልነበረም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኛም ከሥሩ ጀመርን። መልቲሜትሩን ሬዚስተሩ ላይ ከመተው ይልቅ በመንገዱ ላይ ደረጃ በደረጃ አንቀሳቀስነው። ቀዩ ሽቦ ከላይ እስከ ታች፣ ከታችኛው ክሊፑ (እንደ አዞ አፍ የሚነክስ መቆንጠጫ) ጋር 0.12 ቮልት ይበላል። ጥቁሩም እንደዚያው 0.12። አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ አልገረመንም። ቀዩ ክሊፕ የፓወር ሳፕላዩን ተርሚናል፣ ማለትም የሽቦ ማሰሪያውን፣ የነከሰበት ቦታ ላይ 0.05። ከዚያ አንዱን ጫፍ በጥቁሩ ተርሚናል ብረት ላይ፣ ሌላውን እዚያው የነከሰው የአዞ ክሊፕ ብረት ላይ አደረግኩ። 0.31 ቮልት።

እዚህ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። የነካኋቸው ሁለት ብረቶች በዓይን ሲታዩ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሌላውን ነክሶታል። በመካከላቸው ግን ከጠፋው ቮልቴጅ ግማሽ በላይ ተቀምጧል። በንድፉ ላይ ያ ቦታ መስመር ብቻ ነው፤ ስም የለውም፣ ዋጋ አልተጻፈለትም። እውነታው ላይ ግን 0.155 ኦም የሆነ ሬዚስተር ነው። ለዚያውም ክሊፑን በጣቴ ጫን ሳደርገው ወደ 0.04 ቮልት የሚወርድ፣ ስለቀው ተመልሶ የሚወጣ፣ ማንም ያልገዛውና ማንም ያላስገባው ሬዚስተር።

"ይሞቃል!" አለች ባልደረባዬ ክሊፑን ነክታ። ይሞቃላ። 0.31 ቮልት በ2 አምፔር ሲባዛ 0.62 ዋት ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከሁለት የክሊፕ ጥርሶች ጫፍ ነው።

ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት የሚቆጣጠረው የራሱን ተርሚናል ነው። እዚያ ላይ ቮልቴጁ ዝቅ ካለ ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ካለ ዝቅ ያደርጋል። ከተርሚናሉ ወዲያ ስላለው ነገር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ 5.00 የሚለው ቁጥር የቦርዱ አይደለም፤ የተርሚናሉ ነው። ቦርዱ የራሱ ቁጥር አለው፣ ያንን ደግሞ ቦርዱ ላይ ሄዶ ያልለካ ሰው አያውቀውም።

ይህ ነገር 24 ቮልት ላይ ቢሆን ምናልባት ማንም ልብ አይለውም ነበር። 0.6 ቮልት ከ24 ላይ 2.5 በመቶ ብቻ ነው። ከ5 ላይ ግን 12 በመቶ ነው። ለምሳሌ ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ቮልቴጁ ከ4.63 አካባቢ ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ 4.40 የደረሰው ቦርድ የሚሠራው በዕድል ነው። ዝቅተኛ ቮልቴጅና ከፍተኛ ከረንት ሲገናኙ የግንኙነቱ ጥራት ጎልቶ ይወጣል። ዛሬ በየጠረጴዛው የምንሠራባቸው ቦርዶች ደግሞ አብዛኞቹ 5 ወይም 3.3 ቮልት ናቸው።

ሁለት ብረት ሲነካኩ የሚነካኩት የት ነው?

ከዚያ በኋላ ስለ ኮንታክት፣ ማለትም ብረቶች ስለሚነካኩበት ቦታ፣ ማንበብ ጀመርኩ። ራግናር ሆልም የተባለው ስዊድናዊ የፊዚክስ ሊቅ ዕድሜውን ያሳለፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ለስላሳ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች ሲገጥሙ በእውነት የሚነካኩት በጣም ጥቃቅን በሆኑ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። ፍራንክ ፊሊፕ ቦውደን የተባለው የካምብሪጅ ተመራማሪ ነገሩን ሲያስረዳ፣ ሁለት ጠጣር ነገሮችን ማገጣጠም ስዊዘርላንድን ገልብጦ ኦስትሪያ ላይ እንደማስቀመጥ ነው ብሎ ነበር። የሚገናኙት ተራራ ከተራራ ጫፍ ናቸው፤ የቀረው ክፍት ነው። ከረንቱ በሙሉ በእነዚያ ጫፎች ተጨናንቆ ያልፋል።

የጫፎቹን ስፋት የሚወስነው በዋናነት የሚጫናቸው ኃይል ነው። ሲጫኑ ጫፎቹ ይተኛሉ፣ አዳዲስ ጫፎችም ይገናኛሉ። ለንጹሕ ብረት ግምቱ እንዲህ ነው፦ ኃይሉ አራት እጥፍ ሲሆን ሬዚስታንሱ (ከረንቱን የሚገታበት መጠን) በግማሽ ይቀንሳል። እኔን በጣም ያስገረመኝ ይህ ነው። ከዚያ በፊት ጥሩ ግንኙነት ሲባል በአእምሮዬ የሚመጣው ሰፊ ብረት ነበር። ዋናው ግን ጭነቱ ነው። ሰፊ ሆኖ የላላ ግንኙነት፣ ጠባብ ሆኖ ከጠበቀው ሊብስ ይችላል። የአዞ ክሊፕ ስፕሪንግ ደግሞ ደካማ ነው፤ ጥርሶቹም ተርሚናሉ ዘንግ ላይ ካሉት የብሎን ጥርሶች ጋር ጫፍ ለጫፍ ነው የሚገጥሙት። ጣቴ ያደረገው ሌላ ምንም ሳይሆን ጭነት መጨመር ነው።

በላዩ ላይ ኦክሳይድ አለ። መዳብ አየር ላይ ሲቆይ ይጠቁራል፤ ያ ሽፋን እንደ መዳቡ ከረንት አያሳልፍም። ሙቀት ደግሞ ኦክሳይዱን ያፈጥነዋል። ኦክሳይዱ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱ ሙቀቱን፣ ሙቀቱ ኦክሳይዱን። በ2 አምፔር ለብ ያለው ክሊፕ በ10 አምፔር ሌላ ነገር ነው፤ ሙቀቱ የሚያድገው በከረንቱ ስኩዌር ነውና። 0.05 ኦም የሆነ ደህና የሚመስል ግንኙነት በ10 አምፔር 5 ዋት ያወጣል። ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ኦም በስሙ የሚጠራውን ሕግ ያገኘባቸውን ሙከራዎች ሲያደርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1826፣ የሽቦዎቹን ጫፎች የሚያገናኘው ሜርኩሪ በያዙ ትናንሽ ጽዋዎች ውስጥ እየነከረ ነበር። ፈሳሽ ብረት ሽቦውን ከየአቅጣጫው ያቅፈዋል፤ የሚላላ ነገር የለም። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ዛሬ ይህን የሚሞክር ሰው አይኑር። ግን አስቡት፤ ስለ ሬዚስታንስ የመጀመሪያውን ሕግ የሰጠን ሰው፣ ሕጉ እንዲታይ መጀመሪያ ግንኙነቱን አስተማማኝ ማድረግ ነበረበት።

"ቢፕ" ብሏል እኮ

ባልደረባዬ ክሊፑን አስቀድማ በመልቲሜትር ፈትሻው ነበር። "ቢፕ ብሏል እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብሏል። ይህ ብዙ ሰው የሚተማመንበት ፍተሻ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መልቲሜትር ሲፈትሽ የሚልከው ከረንት በጣም ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፔር ብዙ አይርቅም። ድምፁን ለማሰማት ደግሞ ጥቂት አሥር ኦም እንኳ ይበቃዋል። ስለዚህ 0.155 ኦም ለሱ ምንም ነው። ከብዙ ክሮቹ አንድ ክር ብቻ የቀረችው ሽቦም ቢፕ ትላለች። በኦም መለኪያው ቢሞከርም ያው ነው። ተራ መልቲሜትር እዚያ ላይ ከ0.1 ኦም በታች በቅጡ አይለይም፣ የራሱ ገመዶች ሬዚስታንስም ይደመርበታል። ቢፑ የሚመልሰው "መንገድ አለ ወይ?" የሚለውን ነው። "መንገዱ ብዙ ከረንት ይችላል ወይ?" ለሚለው መልስ የለውም።

እኔ የምተማመንበት ያን ዕለት ያደረግነውን ነው። ከረንቱ እየፈሰሰ፣ መልቲሜትሩ ሚሊቮልት ላይ ሆኖ፣ አንዱ ጫፍ የተርሚናሉ ብረት ላይ፣ ሌላው ከግንኙነቱ ቀጥሎ ባለው መዳብ ላይ። ያነበብኩትን ለከረንቱ አካፍላለሁ። በ2 አምፔር 20 ሚሊቮልት ከሆነ 10 ሚሊኦም ነው፤ ለጠረጴዛ ሥራ አልፈዋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፈትቼ እንደገና አስራለሁ። ከዚያ ሽቦውን ቀስ አድርጌ አወዛውዛለሁ። ቁጥሩ አብሮ ከተወዛወዘ፣ ዝቅተኛ ቢሆንም አላምነውም። የሚወዛወዝ ግንኙነት ከመጥፎ ግንኙነት ይከፋል፤ መጥፎው ቢያንስ ሁልጊዜ መጥፎ ነው፣ ተፈልጎ ይገኛል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚሳተው መልቲሜትሩን የት እንደሚነኩ ነው። ተርሚናሉ ውስጥ የሚሰካውን የፕለግ እጀታ ብረት ከነካን በፕለጉና በሽቦው መካከል ያለው መገጣጠሚያ ከመለኪያው ውጭ ይቀራል። መዳቡን ራሱን መንካት ያስፈልጋል።

ተርሚናሉና ሽቦው

የጠረጴዛ ፓወር ሳፕላይ ተርሚናል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መሃሉ ላይ የብሎን ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ አግድም ቀዳዳ፣ በላዩ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ቆብ፣ ቆቡ አናት ላይ ደግሞ ባለ 4 ሚሊሜትር የባናና ፕለግ መግቢያ። በቀይና በጥቁሩ መካከል ያለው ርቀት በብዙዎቹ 19 ሚሊሜትር ነው፤ መንታ ባናና ፕለግ እንዲገባ ታስቦ ነው። ይህ ተርሚናል ሽቦ በብዙ መንገድ ይቀበላል። የአዞ ክሊፕ ግን ለሱ የተሠራ አይደለም። ክሊፕ ለአፍታ ነገር ለመሞከር ጥሩ ነው። አምፔር ለሚስብና ሰዓታት ለሚቆይ ሥራ አልጠቀምበትም።

እኔ አሁን አጥብቄ የምወደው ሹካ ቅርጽ ያለውን የሽቦ ጫፍ ነው። ሽቦው ውስጥ ይገባል፣ በትክክለኛው መጭመቂያ ይጨመቃል፣ ሹካው ከቆቡ ሥር ይገባና ቆቡ ይጠብቃል። ጭነቱን የሚሰጠው ብሎን ነው፤ ብሎን ደግሞ ከስፕሪንግ በብዙ ይበልጣል። ቢጎተት ወዲያው አይወጣም። በፒንሳ መጭመቅ ግን አይበቃም። ጠፍጥፎ ያስቀምጠዋል እንጂ ክሮቹን አያጣብቃቸውም።

ሹካ ከሌለ ሽቦውን በአግድሙ ቀዳዳ አሳልፋለሁ። ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ከሆነ ቀላል ነው። ባለ ብዙ ክር ከሆነ ግን ልጣጩ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ጉልበቱ ያለው በክሮቹ ኅብረት ነው፤ በቢላ ስንልጥ አምስት ስድስቱን ከቆረጥናቸው ሽቦው በወረቀት ላይ ያለው ውፍረት የለውም። የተላጠው ጫፍ ረዝሞ እንዳይንጠለጠል፣ አጥሮም ቆቡ ፕላስቲኩን እንዳይነክስ ልክ መሆን አለበት። ዘንጉን ዙሪያ የሚጠመጠም ከሆነ ደግሞ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን። ቆቡ ሲጠብቅ ሽቦውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በተቃራኒው ከሆነ እያጠበቅነው ይገፋዋል።

ብዙ ጥንቁቅ ሰዎች ክሮቹ እንዳይበተኑ ጫፉን በካውያ በቀለጠ የብየዳ ሊድ ይነክሩታል። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ሲታይም ያምራል። ብሎን ሥር ለሚገባ ጫፍ ግን አልመክረውም። ሊድ ለስላሳ ነው። በጭነት ሥር ሆኖ ቀስ በቀስ ይፈሳል። ዛሬ የጠበቀው ቆብ ከጊዜ በኋላ ማንም ሳይነካው ላልቶ ይገኛል፤ ጭነቱ ቀነሰ ማለት ነው፣ የቀረውን ቅድም አይተነዋል። ነክሮ ከማጠንከር ይልቅ ፌሩል የምትባለውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ጫፉ ላይ አልብሶ መጭመቅ ይሻላል። ክሮቹን ትሰበስባለች፣ እንደ ሊድ አትፈስም፣ በአግድሙ ቀዳዳም ልክ ትገባለች።

ቆቡን የማጠብቀው በእጄ ነው። ፒንሳ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። የከፋው ደግሞ ዘንጉ ራሱ አብሮ ሲዞር ነው፤ ከፊት የጠበቀ እየመሰለ ከውስጥ ያለው ሽቦ ይላላል። ያ ለማየትም ለመጠገንም ያስቸግራል።

ባናና ፕለግ ጥሩ ነው፣ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ሁለት ነገር ግን አያለሁ። አንደኛው ስፕሪንጉ ነው፤ ሲገባ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ዝርክርክ ብሎ ከገባ ዘመኑ አልፏል። ሁለተኛው ከእጀታው ሥር የተደበቀችው ትንሽ ብሎን ናት። ብዙ ጊዜ "ፓወር ሳፕላዩ ያስቸግራል" ሲባል ሰምቼ እጀታውን ስከፍት ያገኘሁት እሷን ነው፤ ላልታለች። አንዱን ፕለግ በሌላው ላይ መደራረብም ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ደርብ አዲስ ኮንታክት ይጨምራል፣ ክምሩም እየረዘመ በተነካ ቁጥር ይወዛወዛል።

የሽቦው ውፍረት ለብቻው ይታሰባል። መዳብ 1 ስኩዌር ሚሊሜትር ሲሆን በሜትር 17 ሚሊኦም አካባቢ አለው። መሄጃውና መመለሻው ሁለቱም ይቆጠራሉ፤ አንድ ሜትር የራቀ ቦርድ ሁለት ሜትር ሽቦ ነው። በዚያ ዕለት ክሊፖቹን አንስተን 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ በሹካ ጫፍ አሰርን። ሬዚስተሩ ላይ 4.93 ቮልት ተነበበ። ቦርዱን መለስነው፤ ሞደሙ መላኩን ቀጠለ። ሞደሙም ኮዱም ከመጀመሪያው ጤነኞች ነበሩ።

ሴንስ የሚሸፍነው ነገር

ይህን ስናገር የሚመጣ ክርክር አለ፦ "ደህና ፓወር ሳፕላይ ሴንስ አለው፤ እሱ ያስተካክለዋል።" አንዳንዶቹ በእርግጥ ሁለት ተጨማሪ ተርሚናሎች አሏቸው። ከእነሱ የሚወጡ ሁለት ሽቦዎች ቦርዱ ድረስ ሄደው ቮልቴጁን እዚያ ያነባሉ፤ ፓወር ሳፕላዩ የጎደለውን ይሞላል። በሴንስ ሽቦ የሚያልፈው ከረንት እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ሽቦው ቀጭን ቢሆንም ቮልቴጅ አይጠፋበትም። ከረንት የሚሸከመውንና የሚለካውን መንገድ የመለየት ሐሳብ ከፊዚክስ ሊቁ ከሎርድ ኬልቪን ስም ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ በጣም ትንሽ ሬዚስታንስ የሚለካበትን፣ ድልድይ የሚባለውን ሰርኪዩት ሲሠራ፣ የኮንታክቱ ሬዚስታንስ መለኪያው ውስጥ እንዳይገባ ነበር የታገለው።

ሴንስ እወዳለሁ። ሽቦ ረጅም ሲሆን ወይም ቮልቴጁ በትክክል ሲፈለግ ሌላ ጥሩ መንገድ የለም። ግን የላላ ተርሚናል መጠገኛ አይደለም። እንዲያውም ይደብቀዋል። ያ 0.31 ቮልት የሚበላው ክሊፕ በሴንስ ቢሸፈን ቦርዱ 5.00 ያገኛል፣ ሁላችንም ደስ ይለናል፣ ክሊፑ ግን መሞቁን ይቀጥላል። ፓወር ሳፕላዩ ከረንቱን በሚነደው መገጣጠሚያ ውስጥ አሳልፎ መግፋቱን አያቆምም፤ የተፈቀደለት የማካካሻ ልክ እስኪያልቅ። ስለዚህ ሴንስ የማገናኘው የዋናዎቹን ሽቦዎች ሚሊቮልት ከለካሁ በኋላ ነው።

የሴንስ ሽቦዎቹን እርስ በርስ እጠመዝዛቸዋለሁ፤ ከአካባቢው የሚመጣ ረብሻ ይቀንሳል። ቦርዱ ላይ የማስራቸውም ከዋናዎቹ በላቀ ጥንቃቄ ነው። የሴንስ ሽቦ ሥራ ላይ እያለ ቢወልቅ ፓወር ሳፕላዩ "ቮልቴጅ የለም" ብሎ አስቦ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። ብዙዎቹ ለዚህ ከውስጥ መከላከያ አላቸው፤ ቦርዴን ለዚያ አደራ መስጠት ግን አልፈልግም። የቮልቴጅ ጣሪያ ማስተካከያ ካለ ከ5 ቮልት ትንሽ ከፍ አድርጌ እዘጋዋለሁ።

ሴንስ በማይፈለግበት ጊዜ ደግሞ የሴንስ ተርሚናሎቹ ከዋናዎቹ ጋር በአጭር ብረት ወይም ሽቦ ይያያዛሉ። ያቺ ብረት የምትታሰረው በዚያው ዓይነት ብሎን ነው። ብዙ ጊዜ ከጀርባ ስለሆነች ማንም አያያትም። ከላላች ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥርና ተርሚናሉ ላይ ያለው ቮልቴጅ መለያየት ይጀምራሉ። አዲስ ፓወር ሳፕላይ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ወደ ጀርባው ዞሬ፣ ከመብራት ነቅዬ፣ ካቻቢቴ ይዤ የማያት እሷን ነው።